የሕፃናት ነርስ ርኅራኄና የቤተሰብ ምስጋና

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በሕፃናት ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ለታመመ ልጅና ለአስታማሚው የሚያሳዩት ርኅራኄ ከሕክምናው ውጤት ጋር ምን ያህል እንደሚቆራኝ ያብራራል፤ ልጁ ድኖለት ወደ ቤቱ የሚመለስ ቤተሰብም ምስጋናውን በምን መልክ ቢያቀርበው ለነርሷ፣ ለሙያውና በዚያው አልጋ ላይ ነገ ለሚተኛው ልጅ እንደሚበጅ ያመለክታል። የሕፃናት ነርስ ሲባል በነርስነት ሙያ ሠልጥኖ ከጨቅላነት እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ የሚገኙ ታካሚዎችን የሚንከባከብ ባለሙያ ማለት ሲሆን፣ ጨቅላ የሚባለው ደግሞ በሕክምና አነጋገር ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው። በዝግጅቱ ውስጥ በሴት አንቀጽ ነርሷ እየተባለ የሚነገረው ሁሉ ወንዶቹንም ይመለከታል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ከሕፃናት አልጋ አጠገብ ቆመው የሚያነጉ ወንድ ነርሶች ጥቂቶች አይደሉምና።

ዝግጅቱ ምሳሌዎቹን በብዛት የሚወስደው ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆሳዕና የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲስ መልክ ከተደራጀው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት። በከተማዋ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሌሞ፣ ከሶሮ፣ ከሻሾጎና ከሌሎች አጎራባች ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያክማል፤ ከእርሱ በተጨማሪ በከምባታ ዱራሜና ሺንሺቾ፣ በሐዲያ ሾኔ ላይ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከእነዚህም ሥር ጤና ጣቢያዎችና በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሠሩባቸው ጤና ኬላዎች ተዘርግተዋል። የሆሳዕናው ሆስፒታል ስሟን የተሸከመላት ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1508 ገና በልጅነቱ ዙፋን ላይ ለተቀመጠው፣ ከአብራኳ ላልተከፈለው ለዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች ሴት በመሆኗ፣ የሰው ልጅ እንደራስ ልጅ የሚጠበቅበት ተቋም በስሟ መጠራቱ ተገቢ ክብር ነው።

የሕፃናት ነርስ ሥራ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ ለመረዳት አገሪቱ የመጣችበትን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር፤ ይህ ቁጥር በ2008 ዓ.ም. ወደ 67፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 59 ወርዷል። ክትባት፣ የወባ አጎበር፣ በጤና ኬላ ደረጃ የሚሰጥ የሳንባ ምችና የተቅማጥ ሕክምና፣ የተሻለ አመጋገብ በጋራ ያመጡት ይህ ለውጥ ከፍ ያለ ምስጋና የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ጨቅላዎች ቁጥር በዚያው ፍጥነት አልቀነሰም፤ በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ውስጥ 49 የነበረው በ2008 ዓ.ም. 29 ከደረሰ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 33 ሆኖ ተመዝግቧል። የጨቅላ ሞት በክትባት ዘመቻ ብቻ የሚገታ አይደለም፤ ያለ ጊዜው የተወለደውን፣ ሲወለድ የታፈነውን፣ በደም ውስጥ ኢንፌክሽን የተያዘውን ሕፃን ሰዓት በሰዓት የሚከታተል ሰው ይጠይቃል፤ ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ነርስ ነው።

ሐኪሙ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በአልጋዎቹ መካከል እየዞረ ታካሚዎቹን አይቶ ትእዛዝ ጽፎ ሲያልፍ፣ ትእዛዙ በልጁ ሰውነት ላይ ሥራ ላይ የሚውለው በነርሷ እጅ ነው። ለአዋቂ የሚሰጥ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የተወሰነ መጠን ሲኖረው የልጅ መድኃኒት ግን በኪሎ ግራም ክብደቱ እየተሰላ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሰባት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃንና አሥራ አራት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ አንድ ዓይነት መርፌ አንድ መጠን ሊኖረው አይችልም። በተለምዶ ጉሉኮስ እየተባለ በሚጠራው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ላይም ስሌቱ እንዲሁ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን መደበኛ የፈሳሽ ፍላጎቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሆኖ በ24 ሰዓት 700 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ይህም በሰዓት 29 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚሆን፣ አንድ ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ በሚወርድበት ተራ የፈሳሽ ማውረጃ በደቂቃ አሥር ጠብታ ገደማ ማለት ነው። ማስተካከያው በስሕተት ሰፋ ብሎ ተከፍቶ የቀኑ ፈሳሽ በአንድ ሰዓት ቢወርድ የሕፃኑ ልብና ሳንባ ሊጥለቀለቁ ይችላሉ። እናቲቱ ቶሎ ቶሎ ጠብታውን እያየች የምትቆጥረዋን ነርስ ስታይ ነርሷ ልጇን ዞር ብላ ሳታየው ፕላስቲኩን ብቻ የምታይ ሊመስላት ይችላል፤ የቆጠራው ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነገራት ግን ራሷ ጠባቂ ትሆናለች፣ ማስተካከያውንም ማንም እንዳይነካው ትከለክላለች።

ርኅራኄ ከሕክምናው ውጭ የሚጨመር ጌጥ እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ነገሮች ሁሉ ግልጹ የትንፋሽ ቆጠራ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ነርሷ የደረቱን ወይም የሆዱን እንቅስቃሴ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እየቆጠረች ታያለች፤ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አሥራ አንድ ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ይህ ቆጠራ ትክክል የሚሆነው ግን ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ብቻ ነው፤ የሚያለቅስ፣ የተደናገጠ፣ ከእናቱ እቅፍ በግድ የተነጠቀ ልጅ ጤነኛም ቢሆን ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የልብ ምቱም ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ ቀስ ብላ የምትቀርብ፣ መጀመሪያ እጇን የምታሞቅ፣ ልጁ እንዲለምዳት ትንሽ የምትጠብቅ ነርስ በጎ ምግባር ብቻ እያሳየች አይደለም፤ ትክክለኛውን ቁጥር የምታገኝበትን ሁኔታ እየፈጠረች ነው። የተቆጣ እጅ የሚመዘግበው ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል፣ በተሳሳተ ቁጥር ላይ የተመሠረተው ሕክምናም እንዲሁ።

መርፌን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በክትባት ጊዜ የሚደርስን ሕመም ስለመቀነስ ባወጣው የአቋም ጽሑፍ ላይ፣ ሕፃኑ በተንከባካቢው ታቅፎ እንዲያዝና የሚጠባ ከሆነም ጡት በአፉ እንዳለ መርፌው እንዲሰጠው መክሯል። ይህ ምክር ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሲሆን የሚፈልገው የነርሷን ትዕግሥትና የእናቲቱን ተሳትፎ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ከቤተሰብ በኩልም የሚታረም ነገር አለ፤ በብዙ ቤቶች ልጅ ሲያስቸግር «መርፌ ትወጋሃለች» እየተባለ በነጭ ጋዋን ለባሽ ይስፈራራል፣ እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ታሞ ሆስፒታል በሚገባበት ቀን ነርሷን የሚያያት እንደ ቅጣት ነው። ነርሷ ያንን ፍርሃት ለማላላት የምታጠፋው ጊዜ ቤተሰቡ ሳያስበው የጫነባት ሥራ ስለሆነ፣ ወላጆች ይህን ማስፈራሪያ ቢተዉት ልጃቸውንም ነርሷንም ይረዳሉ።

በሐዲያና በከምባታ የርኅራኄ ዋጋ ጎልቶ የታየበት ሌላው መስክ የከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና ነው። ይህ አካባቢ በእንሰት፣ በቡና፣ በስንዴና በድንች የሚታወቅ ለምለም ምድር ቢሆንም የሕዝብ ጥግግቱ ከፍተኛ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ደግሞ ጠባብ በመሆኑ፣ የበልግ ዝናብ በዘገየበት ዓመት ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ልጆች የሚከሱበት ሁኔታ ይፈጠራል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በመጓደሉ በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ የተከሰተው ችግር አረንጓዴ ረሃብ የሚል ስያሜ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ የክንዱ መካከለኛ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ወይም እግሮቹ ካበጡ የከፋ የምግብ እጥረት እንዳለበት ይቆጠራል፤ የምግብ ፍላጎቱ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ተደራቢ ሕመም ካለበት ሆስፒታል ተኝቶ ይታከማል።

እንዲህ ያለውን ልጅ ወዲያውኑ በብዛት ማብላት አደገኛ ነው፤ የተዳከመው አካሉ ድንገተኛ ምግብና ጨው መሸከም ስለማይችል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ያለው ለስላሳ የወተት ምግብ ነው። ይህም ተመጥኖ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት፤ የከሳ ልጅ ሌሊት ሳይመገብ ካደረ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊወርድ፣ ሰውነቱም ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ሆሳዕና ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ ይህ አደጋ እዚያ ቀላል አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በድካም የወደቀችውን እናት ትከሻዋን ነካ አድርጋ የምትቀሰቅስ፣ ኩባያውን ለክታ የምታቀርብ፣ ልጁ ሲያስመልሰው ሳትቆጣ እንደገና የምትሞክር፣ ራሱን በቆብ እግሩን በካልሲ ሸፍና በእናቱ ገላ ላይ የምታሞቀው ነርስ፣ ያቺን ሌሊት ለልጁ ያሳለፈችለት እርሷ ናት። በማግስቱ ጠዋት በካርዱ ላይ የሚታየው የሰዓት ዝርዝርና የሚሊ ሊትር መጠን ብቻ ስለሆነ፣ የተሠራውን በትክክል የምታውቀው እናቲቱ ነች፤ ምስክርነቷ ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

በዚሁ ሕክምና ውስጥ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጉዳይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ለከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና ባወጣው መመሪያ አሥር ደረጃዎችን ሲዘረዝር፣ ዘጠነኛው ደረጃ ልጁ ፍቅር፣ ጨዋታና ስሜቱን የሚያነቃቃ ነገር እንዲያገኝ ማድረግ ነው። የተራበ ልጅ ፈገግታውን ያጣል፣ ዓይኑን ከሰው ያሸሻል፣ አእምሮውም ለዕድገት የሚያስፈልገው ማነቃቂያ ይጓደልበታል፤ ስለዚህ ማቀፍ፣ ማናገር፣ መዝፈን፣ ከጠርሙስ ክዳንና ከካርቶን በተሠራ መጫወቻ ማጫወት ከስኳርና ከአንቲባዮቲክ ጋር በአንድ መመሪያ ተጽፎ የታዘዘ ሕክምና ነው። የሐዲይኛ ወይም የከምባትኛ እሹሩሩ የምታውቅ ነርስ በዚህ ደረጃ ላይ ያላት ሀብት በመድኃኒት መደብር የማይገኝ ነው፤ አማርኛ ለማይሰሙ የገጠር እናቶችም በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ሰው መኖሩ ምክሩ ወደ ቤት አብሯቸው እንዲሄድ ያደርጋል።

ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ላነሰ ጨቅላዎች የሚሰጠው የካንጋሮ እንክብካቤም በነርሷና በቤተሰቡ መካከል ባለ መተማመን ላይ የቆመ ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ ማለት ጨቅላውን ራቁቱን፣ ቆብና ዳይፐር ብቻ አድርጎ፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስደግፎ ማሰርና የእናት ጡት ማጥባት ሲሆን፣ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ አማካይነት፣ የማሞቂያ መሣሪያ እጥረትና ኢንፌክሽን ባስቸገረበት ሆስፒታል ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ እናታቸው ደረት የገቡ ጨቅላዎች በተለመደው መንገድ ከተያዙት በተሻለ ቁጥር በሕይወት መቆየታቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ሰፊ ጥናትም ጨቅላው እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው የተጀመረ የካንጋሮ እንክብካቤ ሞትን በ25 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በአሁኑ ጊዜ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ ይመክራል፤ ይህን ያህል ሰዓት ደረቷን ሰጥታ የምትቀመጥ እናት፣ በተለይ የወለደችው በቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ ያለ ነርሷ ድጋፍ ልትችለው አትችልም። አባት፣ አያትና አክስት ተራ እየገቡ ደረታቸውን መስጠት ይችላሉ። ይህ በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ልዩ ትርጉም አለው፤ ከእነዚህ አካባቢዎች በርካታ ወጣት አባቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድደው ስለሚኖሩ፣ ወላዷን የምታስታምማት ብዙ ጊዜ የባሏ እናት ወይም የራሷ እናት ናት፤ ለአያቲቱ ክብሯን ጠብቃ «እማማ፣ ይሄውልዎ እንዲህ ያስሩታል» ብላ የምታስተምር ነርስ ለጨቅላው ሌላ ሞቃት ደረት ታተርፍለታለች።

እዚህ ላይ የዓለምን ልምድ ማነጻጸር ተገቢ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጆች ተኝቶ የሚታከም ልጃቸውን በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ እንዲያዩ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ምክንያት ሆኖ የሚቀርበውም ወላጆች ሲሄዱ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ኢንፌክሽንም ይገባል የሚል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ከወላጆቿ ተለይታ ሆስፒታል የገባችን የሁለት ዓመት ልጅ ሐዘን የሚያሳይ ፊልም ከሠራ በኋላ ክርክሩ ተቀጣጥሎ፣ በ1959 የፕላት ሪፖርት በመባል የሚታወቀው የመንግሥት ሰነድ የወላጆች ጉብኝት እንዳይገደብ፣ እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ አሳሰበ። በኢትዮጵያ ግን ታማሚን አስታማሚ ሳይኖረው መተው ነውር ስለሆነ፣ እናት ከልጇ አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፋ ማደሯ ማንም ሳያስተምራት የኖረ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ክፍሉን ሊያጨናንቅ፣ ንጽሕናን ሊያስቸግር እንደሚችል የታወቀ ቢሆንም፣ አስታማሚዋን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ሥራ አጋር የምትቀበል ነርስ በብዙ ትግል የተገኘውን የሕፃናት ሕክምና መርሕ በተግባር ላይ እያዋለች ነው።

የሕፃናት ነርስነት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የከበረ ጅማሬ አለው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰቧ ጋር በእንግሊዝ በስደት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1852 በተመሠረተውና የሕፃናት ብቻ በሆነው በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ገብታ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ሠልጥና እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆና ተመረቀች፤ ቀጥላም በጋይስ ሆስፒታል ተምራለች። አገሯ ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሳ በደሴ ሆስፒታል ሠርታለች፤ ትዳር መሥርታ ወደ ነቀምቴ ከሄደች በኋላ ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተች። በስሟ የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፍቶ፣ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። የንጉሥ ልጅ የሕፃናትን ገላ ለማጠብና ሌሊት ለመጠበቅ መምረጧ፣ ሙያው የታናናሾች አገልግሎት ብቻ ነው ለሚሉ በቂ መልስ ነው።

የጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱን ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያዎችን ማፍራት ብሎ ሰይሞት ነበር። አጀንዳው መኖሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ርኅራኄ በመመሪያ ብቻ እንደማይመጣና ያላትም ነርስ በጊዜ ብዛት ልታጣው እንደምትችል መረዳት ያሻል። ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች ብሪታንያዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 በለንደን አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነርሶች ላይ ያደረገችውን ጥናት ባሳተመች ጊዜ፣ ነርሶቹ ታካሚውን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ወይም በታመመ አካሉ እየጠሩ፣ ሥራውንም እየቆራረጡ በመከፋፈል ከታካሚው ራሳቸውን እንደሚያርቁ፣ ይህን የሚያደርጉትም ከክፋት ሳይሆን ከሞትና ከሥቃይ ጭንቀት ራሳቸውን ለመከላከል እንደሆነ አስረድታለች። በሕፃናት ክፍል ውስጥ ይህ ጭንቀት የበረታ ነው፤ ሌሊት በብዙ ልጆች መካከል ብቻዋን የምትቆም፣ በአንድ ፈረቃ ውስጥ አንዱን ልጅ ወደ ቤቱ ሸኝታ የሌላውን ዓይን የምትከድን ነርስ ፊቷ ቢደነድን ሊገርም አይገባም። ይህ ማለት ስድብና ችላ ማለት ይፈቀድ ማለት አይደለም፤ የእናት ክብር በምንም ምክንያት ሊነካ አይገባውም። ነገር ግን የደነደነውን ልብ የሚያለሰልሰው ተግሣጽ ብቻ አለመሆኑ መታወቅ አለበት።

የቤተሰብ ምስጋና ሚናው እዚህ ላይ ይጀምራል። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ልጁ የዳነለት ቤተሰብ ለነርሷ «ጌታ ይባርክሽ»፣ «እግዜር ይስጥልን»፣ «አላህ ዕድሜ ይስጥሽ» ብሎ እንደየእምነቱ ሲመርቅ፣ አያቶች እጃቸውን ዘርግተው ውለጂ ክበጂ ሲሉ፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በምስክርነት ጊዜ የልጃቸውን መዳን ሲያወሱ መስማት የተለመደ ነው። ምርቃት በዚህ ማኅበረሰብ ዘንድ ከፍተኛ ስጦታ እንደመሆኑ መናቅ የለበትም። ጉድለቱ ግን ምርቃቱ ከክፍሉ በር አልፎ ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው፤ የሆስፒታሉ አስተዳደር ቅሬታን እንጂ ምስጋናን ስለማይሰማ፣ መልካሟ ነርስ ከሌላዋ ሳትለይ ትቀራለች፣ ተማሪ ነርሶችም ምን ዓይነት ሥራ ቤተሰብን እንዳስደሰተ አይማሩም።

ቅቤ፣ ቡላ ወይም ቡና ይዞ መሄድን በሚመለከት ግልጽ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ስጦታው ከንጹሕ ልብ ቢመጣም፣ አንዱ ሲያመጣ በአጠገቡ ያለችው ባዶ እጇን የመጣች እናት ልጄ ችላ ይባልብኝ ይሆን ብላ ትሰጋለች፤ ነርሷም ለደመወዝ የምትሠራውን የሙያ ግዴታዋን ስጦታ እየጠበቀች የምታከናውን ልትመስል ትችላለች። ለድኻዋ እናት ስጋት የማይፈጥር፣ ለነርሷም ክብር የሚጨምር ምስጋና በጽሑፍ ወይም በቃል ለኃላፊዎቿ የሚቀርበው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ፓትሪክ ባርንስ የተባለ የ33 ዓመት ወጣት በደም ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ሲሞት፣ ቤተሰቡ ሞቱን ያሰበበት መንገድ እርሱን በርኅራኄ የተንከባከቡትን ነርሶች የሚያመሰግን ዴዚ የተባለ ሽልማት በማቋቋም ነበር፤ ሽልማቱም የሚሰጠው ታካሚዎችና ቤተሰቦች ነርሷ ያደረገችውን ነገር ዘርዝረው ሲጽፉ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትልቁ ነገር የሽልማቱ ስም ሳይሆን፣ ልጁን ያጣ ቤተሰብም ምስጋና ሊኖረው እንደሚችልና ዝርዝሩን የያዘ ምስጋና ከጥቅል ሙገሳ እንደሚበልጥ ነው። «ጎበዝ ናት» የሚለው ቃል ለጆሮ ደስ ቢልም አያስተምርም፤ «ልጃችን ሲያስመልሰው ሦስት ጊዜ መልሳ አበላችው፤ መርፌ ከመስጠቷ በፊት ጡት አስያዘችን፤ ሲሞትብን በስሙ ጠርታ ፊቱን ሸፈነችልን፣ እስክንነሣም አብራን ቆመች» የሚለው ግን ለነርሷ ምስጋና፣ ለሌሎች ነርሶች ትምህርት፣ ለኃላፊው መረጃ ይሆናል።

ስለዚህ ልጁን ከሆስፒታል ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ መውጫ ካርዱን ሲቀበል የክፍሉ የአስተያየት መዝገብ ወይም ሣጥን የት እንዳለ ይጠይቅ፤ የነርሷን ስም፣ የክፍሉን ስም፣ ቀኑንና ያደረገችውን አንድ ተግባር በአማርኛም ሆነ በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል ለክፍሉ የነርሲንግ ኃላፊ በቃሉ ይናገር ወይም የተማረ ልጁን ያስጽፍ። በደቡብ አፍሪካ ያለ አባትም በስልክ «ነርሷን አመስግኑልኝ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ያስታመመችውን ሚስቱን ወይም እናቱን ያየችውን ጠይቆ ያስጽፍ። የሆስፒታሎችና የጤና ጣቢያዎች ኃላፊዎች ደግሞ እነዚህን ቃላት ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን በሚከበርበት ግንቦት 4 ቀን ብቻ ሳይሆን በየወሩ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ያንብቡ፤ የተነበበውንም በነርሷ የግል ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡ።